«የግል ጉዳይ» ተብሎ ስለተዘጋው አቤቱታችን፦ ለፓርቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የፓርቲው የሥነ ምግባርና ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፣

ጉዳዩ፦ የተዘጋው መዝገብ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአንድ የሕዝብ ተመራጭ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራንና አሁንም እየሠራን ያለን ጸሐፊዎች፣ ሹፌሮች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ነን። አለቃችን የሆኑት ተመራጭ፣ የፓርቲያችሁ አባል፣ ከትዳራቸው ውጭ የያዙትን ግንኙነት ለመሸፈን እንድንዋሽ እንዳዘዙንና የመንግሥት ገንዘብ እንዳወጡ የሚገልጽ አቤቱታ በጽሑፍ አቅርበን፣ ሰነድ አያይዘን፣ እንደ ደንቡ መልስ ስንጠብቅ ቆየን። የደረሰን መልስ አንድ አንቀጽ ነው። ያነሳነው ነጥብ የአባሉን ትዳር የሚመለከት የግል ጉዳይ ስለሆነና ከሥራ ኃላፊነታቸው ጋር ስለማይገናኝ መዝገቡ ተዘግቷል ይላል። ከሥሩ ማኅተም አርፎበታል። ከመካከላችን አንድም ሰው ተጠርቶ አልተጠየቀም፤ ካያያዝናቸው ሰነዶችም አንዱ እንኳ በመልሱ ውስጥ አልተነሳም።

የአባሉን ስም እዚህ አንጽፍም፤ የፓርቲውንም እንደዚሁ። እናንተ ታውቁታላችሁ። ሌላው አንባቢ ደግሞ ስሙን ሳይሰማ ነገሩን ቢመዝንልን እንመርጣለን፤ ስም ሲጠራ ሰው ወዲያው ደጋፊና ተቃዋሚ ሆኖ ይለያያልና። የአባሉን ባለቤትም እንተዋቸው። ስለ ትዳራቸው መናገር የሚችሉት ራሳቸው ናቸው፤ እኛ ጠበቃቸው እንሁን አላልንም።

በአንድ ነገር ላይ ከእናንተ ጋር እንደማንከራከርም ከወዲሁ ይታወቅልን። በትዳሩ ላይ የማገጠ ሁሉ የሕዝብ ሌባ ነው አንልም። እንዲህ ብለን እንዳንደመድም ታሪክም ይከለክለናል። ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ከፕሬዚዳንትነት የወረዱት በሴት ጉዳይ ሳይሆን በዋተርጌት፣ ማለትም የተቀናቃኝ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተሰብሮ የተገባበትን ወንጀል በመሸፋፈን ቅሌት ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በትዳሩ ጨዋ ሆኖ ካዝና የሚያራቁት ሹም ሞልቷል።

የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሀሚልተን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ጄምስ ሬይኖልድስ ለሚባል ሰው ገንዘብ መስጠታቸው ሲታወቅ፣ ተቀናቃኞቻቸው ከመንግሥት ገንዘብ ጋር የተያያዘ ሕገ ወጥ ንግድ አለ ብለው ጠረጠሯቸው። ሀሚልተን በ1797 ባሳተሙት ጽሑፍ የከፈሉት ከራሳቸው ኪስ መሆኑን፣ የከፈሉትም ከሰውየው ሚስት ከማሪያ ጋር የነበራቸው ግንኙነት እንዳይወጣባቸው መሆኑን በዝርዝር አስረዱ። የትዳራቸውን ገመና አደባባይ አውጥተው የሥራ ስማቸውን አዳኑ። ይህን ታሪክ የእናንተን አቋም የሚደግፉ ሰዎች ደጋግመው ያነሱታል፤ ገንዘቡ የግል፣ ጥፋቱ የግል፣ ሚኒስትሩ ንጹሕ ይላሉ። ልክ ናቸው። እኛ ግን በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሌላም ነገር እናያለን። የአገር ካዝና የተረከበ ሰው ሥልጣን ላይ እያለ ምስጢሩን ለያዘበት አስፈራሪ ሲገብር ነበር። ሬይኖልድስ ገንዘቡን ትቶ የካዝናውን ምስጢር አምጡ ብሎ ቢያስጨንቃቸውስ ምን ይሆን ነበር? ሀሚልተን እምቢ ይሉ ይሆናል። በሳቸው ቦታ የሚቀመጠው ሁሉ ግን ሀሚልተን አይደለም።

ሊቃውንቱም ጉዳዩን መርምረውታል። በ2019 ጆን ግሪፈን፣ ሳሙኤል ክሩገርና ጎንዛሎ ማቱራና የተባሉ ተመራማሪዎች ለባለትዳሮች ውሽማ በሚያገናኝ አንድ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበው የተገኙ ሰዎችን የሥራ ታሪክ አጥንተው አሳትመዋል። በዚያ ድረ ገጽ ይጠቀሙ የነበሩ ፖሊሶችና የፋይናንስ አማካሪዎች በሥራቸው ላይም ጥፋት የመፈጸም ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዋና ሥራ አስፈጻሚዎቻቸው ወይም የፋይናንስ ኃላፊዎቻቸው ተጠቃሚ የነበሩባቸው ኩባንያዎች ደግሞ በጥፋት የመገኘት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ነበር። ጥናቱ ፖለቲከኞችን አልመረመረም። ብዙኃኑን አይቶ የሚናገር ስለሆነም ስለ አንድ የተወሰነ ሰው የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ስለዚህ እሱን ይዘን ማንም ይቀጣ አንልም። «ከሥራ ጋር አይገናኝም» ብሎ ማኅተም ለማሳረፍ ግን ከአንድ አንቀጽ የበለጠ ማሰብ እንደሚጠይቅ ያሳያል።

የእኛ ነገር ከዚህ ሁሉ ቀለል ይላል። ተራ ሰው ውሽማ ቢይዝ የሚዋሸው በራሱ አፍ ነው፤ የሚሄደው በራሱ እግር፣ የሚከፍለው ከራሱ ደመወዝ ነው። ባለሥልጣን ግን ቀጠሮውን የሚይዝለት ጸሐፊ፣ የሚያደርሰው ሹፌር፣ ወጪውን የሚያወራርድለት የሒሳብ ሠራተኛ፣ የት እንደዋለ ለጋዜጠኛ የሚናገርለት ቃል አቀባይ አለው። ምስጢሩን ለመጠበቅ እነዚህን ሁሉ በምስጢሩ ውስጥ ማስገባት ግድ ይሆንበታል። እኛ እነዚያ ሰዎች ነን። ስለ አለቃችን ታማኝነት የምንናገረውም ከትዳራቸው ተነስተን ሳይሆን እኛን ካሠሩን ሥራ ተነስተን ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቅሬታችን እንድንዋሽ መታዘዛችን ነው። በቀጠሮ መዝገቡ ላይ «የመስክ ጉብኝት» ተብሎ እንዲጻፍ ይነገረናል፤ መስኩ የት እንደሆነ አይነገረንም። ቀጠሮ ተሰጥቷቸው የመጡ ባለጉዳዮች በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተደርድረው ሳሉ «አስቸኳይ ስብሰባ ገጥሟቸዋል» ብለን እንድንመልሳቸው እንታዘዛለን። ከነዚህ ባለጉዳዮች አንዷ የጡረታ መዝገባቸው የጠፋባቸው እናት ነበሩ። ደብዳቤያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ በትሕትና ይጠይቃሉ፤ እስኪያልቅ ልጠብቅ ይላሉ። የሌለ ስብሰባ መቼ ያልቃል ይባላል? የሳቸው ጉዳይ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

የስልኩ ነገር ደግሞ ይብሳል። የአለቃችን ባለቤት ሲደውሉ የሚሰጣቸው መልስ ሌላ፣ ምክትላቸው ሲደውሉ ሌላ፣ ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሲደወል ሌላ ነው። አንዷ ባልደረባችን መልሶቹ እንዳይደባለቁባት በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ከስልኩ ሥር ታስቀምጣቸው ነበር። በግራ በኩል የደዋዩ ማንነት፣ በቀኝ በኩል የሚሰጠው መልስ። ያቺ ወረቀት የአቤቱታችን አባሪ ቁጥር ሦስት ናት። አይታችኋት ይሆን? ብታዩአት ኖሮ ከሦስተኛው መስመር ላይ የራሳችሁን ኮሚቴ ታገኙት ነበር። እናንተም ደውላችሁ ነበርና፤ ለእናንተም የተዘጋጀ መልስ ነበረን። ነገሩ በቢሮው ውስጥ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ነው የከረመው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ከሥራ ዝርዝሩ በፊት የሚማረው ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ቢሮ አልተጀመረም። በጁን 2009 የአሜሪካዋ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት አስተዳዳሪ ማርክ ሳንፎርድ ለቀናት ድምፃቸው ጠፋ። የጽሕፈት ቤታቸው ሰዎች ለጋዜጠኞች አስተዳዳሪው በአፓላቺያን ተራሮች የእግር ጉዞ ላይ ናቸው አሉ። ሰውየው አርጀንቲና ነበሩ፣ ከፍቅረኛቸው ዘንድ። ምክትላቸው እንኳ ያሉበትን አያውቁም ነበር። በነዚያ ቀናት ግዛቲቱ ላይ አንድ አደጋ ቢደርስ ትእዛዝ የሚጠበቀው ከማን ነበር? ሚስታቸውን የከዱበትን እንተወውና፣ ያለ ውክልና ከአገር የወጣ አስተዳዳሪ ነገር የማን የግል ጉዳይ ሊባል ነው?

ጆን ኤድዋርድስ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በሚወዳደሩበት ጊዜም ከትዳር ውጭ የተፀነሰ ልጅ ወሬ ሲሰማ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ ረዳታቸው በ2007 መጨረሻ ላይ ጽንሱ የኔ ነው ብሎ ተሸከመላቸው። ኤድዋርድስ ልጅቷ የራሳቸው መሆኗን በይፋ ያመኑት በ2010 ነው። አንድ ሠራተኛ ለአለቃው ሲል በገዛ ሚስቱና ልጆቹ ፊት የሌላ ሰው ልጅ አባት ነኝ እስከማለት ከደረሰ፣ ያ ቢሮ ነገ በምርጫ ውጤት ወይም በበጀት ሒሳብ ላይ አይዋሽም ብሎ ማን ይምላል?

እኛ ጸሐፊዎች ግን ከሁሉ ይልቅ የምናስታውሰው የፕሬዚዳንት ክሊንተንን ጸሐፊ፣ ወይዘሮ ቤቲ ከሪን ነው። ፕሬዚዳንቱ በድብቅ ግንኙነት ለነበራቸው ለቀድሞዋ የዋይት ሐውስ ተለማማጅ ለሞኒካ ሉዊንስኪ የሰጧቸው ስጦታዎች ያሉበትን ሣጥን ከወጣቷ ቤት ተቀብለው የራሳቸው አልጋ ሥር ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። በጃንዋሪ 1998 ፕሬዚዳንቱ በሌላ የፍትሐ ብሔር ክስ ቃለ መሐላ ፈጽመው መልስ በሰጡ ማግስት፣ እሑድ ዕለት፣ ወይዘሮ ከሪን ቢሮ ጠርተው ከወጣቷ ጋር ብቻቸውን ሆነው እንደማያውቁ የሚያስመስሉ ነገሮችን አንድ በአንድ እየጠቀሱ፣ እንዲህ አልነበረም ወይ በሚል ዓይነት አነጋገሯቸው። ፕሬዚዳንቱ በዲሴምበር 1998 በተወካዮች ምክር ቤት በሐሰት ምስክርነትና ፍትሕን በማደናቀፍ ተከሰሱ፤ በፌብሩዋሪ 1999 ሴኔቱ በነጻ አሰናበታቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንዲት የፌዴራል ዳኛ በዚያ ክስ ላይ ሆን ብለው ሐሰት ተናግረዋል በማለት ፍርድ ቤት በመድፈር ጥፋተኛ አሏቸው። የመንግሥት በጀት በዚያን ጊዜ ትርፍ ያሳይ እንደነበረ እናውቃለን፤ ጥሩ መሪ ነበሩ ለሚል ሰው መከራከሪያ አያጣም። ስለ አልጋ ሥር ሣጥን በመርማሪዎች ፊት ቀርበው መልስ የሚሰጡት ግን ደመወዝተኛዋ ጸሐፊ ነበሩ። እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን ከትዳሩ ውጭ መሄዱ ስለ ታማኝነቱ ምን ይነግረናል ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ሲያዝ ከማን ጀርባ እንደሚደበቅ ይነግረናል ብለን እንመልሳለን።

ወደ ገንዘቡ እንለፍ። የጉዞ ትእዛዝ ወጥቶ፣ የውሎ አበል ተከፍሎ፣ ተመልሶ ሲወራረድ ስብሰባ ተብሎ ይቀርባል። የሒሳብ ባልደረባችን የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ወይም የተሰብሳቢዎችን ስምና ፊርማ ስትጠይቅ ዝም ብለሽ አወራርጂ ተባለች። በጽሑፍ ይታዘዘኝ አለች። በሳምንቱ ውስጥ «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች፤ ዛሬም እዚያው ናት።

ሹፌሩ ላይ የደረሰውን ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙት። በተሽከርካሪ ስምሪት ቅጹ ላይ የተጻፈው መድረሻና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አልገጥም አሉ። መጻፍ ያለበት ቦታ ስለማይጻፍ መግጠም አይችሉም ነበር። የንብረት ክፍሉ ቆጠራ ሲያደርግ የነዳጅ ጉድለት አገኘ፤ ጉድለቱ ከሹፌሩ ደመወዝ ላይ ተቆረጠ። አለቃችን ጉዳዩ ሲቀርብላቸው ፊርማቸውን አኖሩበት። ያ ነዳጅ የት እንደነደደ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የተቆረጠበትን የደመወዝ ወረቀት አያይዘንላችኋል። እናንተ የግል ጉዳይ ያላችሁት እንግዲህ ይህንን ነው፤ ለሹፌሩ በእርግጥም የግል ጉዳዩ ሆኖበታል።

ምስጢር እያደር ወጪው እንደሚጨምር ፈረንሳይን ያየ ሰው ያውቃል። ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን በ1974 ከትዳር ውጭ የተወለደች ልጅ ነበረቻቸው፤ ነገሩ በፓሪ ማች መጽሔት አደባባይ የወጣው በኖቬምበር 1994 ነው። ፈረንሳውያን ብዙም አልተገረሙም፤ የሰው ቤት ነው ብለው አለፉት ይባላል፤ እስከዚህ ድረስ የእናንተ አቋም ነው። ግን ልጅቷና እናቷ የሚኖሩት በመንግሥት ቤት ነበር፤ ጥበቃቸውም በመንግሥት ወጪ ነበር። ከ1983 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተቋቋመ አንድ ክፍል የጋዜጠኞችንና የደራስያንን ስልክ ሲጠልፍ ቆየ፤ ከተጠለፉት አንዱ የልጅቷን ነገር አወጣለሁ ይል የነበረው ዣን ኤደርን አሊዬ ነበር። በ2005 የፓሪስ ፍርድ ቤት በዚህ ጠለፋ የተሳተፉ ባለሥልጣናትን ጥፋተኛ ብሏል። አንድ አባት ልጁን ለመሰወር መፈለጉ ያሳዝን ይሆናል እንጂ አያስከስስም። የዜጎችን ስልክ ማስጠለፍ ግን ምን የግልነት አለው?

ሦስተኛው ቅሬታችን በአለቃችን እጅ ሥር ትሠራ ስለነበረችው ወጣት ነው። ስለ እሷ ብዙ አንጽፍም፤ ብዙ እንዲጻፍባት አትፈልግም። ለልምምድ መጥታ የተቀጠረች ናት። የሥራ አፈጻጸሟን የሚሞሉት፣ የኮንትራቷን ማራዘሚያ የሚፈርሙት አለቃችን ነበሩ። ግንኙነታቸው ሲያበቃ ኮንትራቷም አበቃ። ኮሚቴው ሁለት ዐዋቂ ሰዎች ወደው ያደረጉት ነው ሊል ይችላል። አንዱ በፈረመ ቁጥር ሌላዋ እንጀራዋ የሚራዘምላት ወይም የሚቋረጥባት ሲሆን፣ ወዳ ነው ወይስ ተገዳ ብሎ ከውጭ ሆኖ መፍረድ እንዴት ይቻላል? ቢያንስ እሷን ጠርቶ መጠየቅ አይቀድምም ነበር?

ሌሎች ይህን መንገድ ጀምረውታል። የአውስትራሊያው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ባርናቢ ጆይስ ከቀድሞ ሠራተኛቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነት በፌብሩዋሪ 2018 ሲወጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ሚኒስትሮች፣ ባለትዳርም ይሁኑ ላጤ፣ ከሠራተኞቻቸው ጋር የፆታ ግንኙነት እንዳይኖራቸው በሚኒስትሮች የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ አስገቡ። «ባለትዳርም ይሁኑ ላጤ» የሚለውን አስተውሉልን፤ ደንቡ ትዳሩን ትቶ የሥልጣን ልዩነቱን ነው የያዘው። በዚያው ወር የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤትም አባላቱ ከሚያሠሯቸው ሠራተኞች ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት እንዳይኖራቸው ከለከለ። በኒውዚላንድ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በጁላይ 2020 ኢየን ሊስ ጋለዌይን ከሚኒስትርነት አነሱ። ሰውየው የያዙት የሥራ ቦታ ግንኙነትና ደኅንነት ሚኒስቴርን ነበር፤ ግንኙነት የነበራቸውም ቀድሞ በቢሯቸው ከሠራች ሴት ጋር ነው። አርደርን ውሳኔያቸውን ሲያስረዱ ስለ ሰውየው ግብረ ገብ እየፈረዱ አለመሆኑን፣ ነገር ግን ሥልጣናቸውን አላግባብ ተጠቅመዋል ለሚል ክስ ራሳቸውን እንዳጋለጡ ገልጸዋል። የሥነ ምግባር አካል እንዲህ ለይቶ ማየት ይችላል ማለት ነው። የእናንተም ደንብ ስለ ጥቅም ግጭት አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ ዘመድ መቅጠርን በዝርዝር ይከለክላል፤ ውሽማ ስለመቅጠር ግን ዝም ይላል።

አራተኛው ነገር አጭር ነው። በቢሯችን ቀጠሮ ሳይዝ በቀጥታ የሚገባ አንድ ነጋዴ አለ። መግባት የጀመረው አለቃችንን ከወጣቷ ጋር ካያቸው በኋላ ነው። ውስጥ ምን እንደሚባባሉ አናውቅም፤ ስለማናውቀው ነገር አንከስም። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ግን እያዩት ያልፋቸዋል። በእንግሊዝ የጦር ሚኒስትሩ ጆን ፕሮፉሞ በ1963 የተነሳባቸው ጥርጣሬ ከክሪስቲን ኪለር ጋር ባላቸው ግንኙነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ያቺው ወጣት ከአንድ የሶቪየት የባሕር ኃይል አታሼ ጋር ትተዋወቅ ስለነበረ ነው። በኋላ የተደረገው ምርመራ የወጣ የመንግሥት ምስጢር አላገኘም። ፕሮፉሞን ከሥልጣን ያስለቀቃቸው በማርች ወር ምክር ቤት ቆመው ምንም ነገር የለም ብለው መዋሸታቸው ነው፤ በጁን ወር አምነው ለቀቁ። የዋሹት ለራሳቸው ምክር ቤት ነበር። የእኛ አለቃ ደግሞ በእኛ አፍ ለእናንተ ዋሽተዋል፤ አባሪ ቁጥር ሦስትን ደግማችሁ ተመልከቱልን።

አንድ ስጋት እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እኛም አለን። እንዲህ ያለ አቤቱታ በር ከተከፈተለት ነገ ተቀናቃኝ የተቀናቃኙን መኝታ ቤት የሚያስጠናበት፣ ፎቶግራፍ የሚሸጥበትና የሚለወጥበት ሥራ ይሆናል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። በ1964 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ለማርቲን ሉተር ኪንግ የላከው ስም የለሽ ደብዳቤ የሰው ገመና በመንግሥት እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ዶክተር ኪንግ የመብት ታጋይ እንጂ ባለሥልጣን አልነበሩም፤ ደብዳቤውም የተላከው ለሥነ ምግባር ተብሎ ሳይሆን ሊሰብሯቸው ታስቦ ነው። ሴት ተመራጮች ላይ ደግሞ ወሬው ፈጥኖ እንደሚበረታ ሁላችንም እናያለን፤ ለወንዱ ጀብዱ የሚባለው ለሴቷ የፖለቲካ ሞት ይሆናል። ስለዚህ የማንንም ትዳር እንድትመረምሩ አንጠይቅም። ማን ከማን ጋር አደረ የሚል አቤቱታ ቢመጣላችሁ፣ ማዛወሩም ማስፈራራቱም የመንግሥት ገንዘቡም በሌለበት፣ በእርግጥም መልሱት፤ እኛ እንደግፋችኋለን። የኛ አቤቱታ ግን ውስጡ የደመወዝ ወረቀት፣ የስምሪት ቅጽ፣ የዝውውር ደብዳቤና ከስልክ ሥር የተገኘ ቁራጭ ወረቀት ነው። ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የመኝታ ቤት ዕቃ?

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

መዝገቡ እንደገና ይከፈት። ሲከፈትም የአባሉ ትዳር ከምርመራው ውጭ ሆኖ፣ የጉዞ፣ የነዳጅና የውሎ አበል ወጪዎች ከፓርቲው ውጭ በሆነ ኦዲተር ይታዩ። አቤቱታ አቅራቢዎች አንድ በአንድ ተጠርተን ቃላችንን እንስጥ፤ አለቃችንም ቀርበው መልስ ይስጡ። ፈጽሞ አላደረግሁም ካሉ ሰነዱ ይፍረድ።

ወደ መዝገብ ቤት የተወረወረችው የሒሳብ ባለሙያ ወደ ሥራ መደቧ ትመለስ። ከሹፌሩ ደመወዝ የተቆረጠው ገንዘብ ይመለስለት፤ በግል ማኅደሩ ውስጥ የገባው የነዳጅ ጉድለት ማስጠንቀቂያም ይነሳ። ወጣቷ ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ፣ ስሟ ሳይገለጽ፣ ሴቶች ባሉበት አካል ትሰማ። ፈቃደኛ ካልሆነች አትነካ።

በደንቡ ላይ ሁለት አንቀጾች ይጨመሩ። አንደኛው ተመራጭ ወይም ተሿሚ ከሚያሠራው ሠራተኛ ጋር የፍቅር ግንኙነት ቢጀምር ወዲያው ለአንድ ለተወሰነ አካል እንዲያሳውቅና የሠራተኛው የቅጥር፣ የዕድገትና የዝውውር ውሳኔ ከእጁ እንዲወጣ የሚያስገድድ ይሁን፤ ባለትዳር መሆኑም ላጤ መሆኑም አይጠየቅ። ሁለተኛው አንድ ሠራተኛ የአለቃውን የግል ሕይወት ለመሸፈን ሐሰት ተናገር ወይም ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅ ተብሎ ሲታዘዝ እምቢ የማለት መብት እንዳለው፣ እምቢ በማለቱም እንደማይዛወርና እንደማይቀጣ በግልጽ ያስቀምጥ። ይህ ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጥብናል። የመጀመሪያው ባይሳካ እንኳ እሱን አትከልክሉን።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ምክንያቱን ከነሰነዱ ጠቅሳችሁ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። አባሪዎቹ ጠፍተው ከሆነ ቅጂ አለን፤ በድጋሚ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአንድ የሕዝብ ተመራጭ ጽሕፈት ቤት የቀድሞ ዋና ጸሐፊ፤
ስለ ራሳቸውና ስለ ጽሕፈት ቤቱ የአስተዳደር፣ የሒሳብ፣ የትራንስፖርትና የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ለፓርቲው የሴቶች ጉዳይ ክፍል
ለጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት